ሊጠፋ የተሰመረ መስመር

በኖቬምበር 1674 በኦቶማን ሱልጣን ዘንድ የፈረንሳይ አምባሳደር የነበረው ማርኪ ደ ኗንቴል አቴንስ ሲገባ ከተከታዮቹ መካከል አንድ ሠዓሊ ነበረ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የሠዓሊው ማንነት እስካሁን ያከራክራል፤ ለረጅም ጊዜ ዣክ ካሬ ሲባል ኖሮ፣ አሁን ብዙዎች «የኗንቴል ሠዓሊ» ብለው ያልፉታል። ሰውየው ሁለት ሳምንት ያህል ከፓርቴኖን ሥር ቆሞ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ በጥቁርና በቀይ ጠመኔ ከላይ የሚታየውን ቅርጽ ወረቀት ላይ አሰፈረ። መወጣጫ አልተሠራለትም፤ ከመሬት ሆኖ ነው የሣለው። ቤቱ ያን ጊዜ መስጊድ ነበር። ከዚያ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ447 እስከ 432 ድረስ የተሠራ የአቴና ቤተ ጣዖት ነበር።

13 ዓመት አልፎ፣ ሴፕቴምበር 26 ቀን 1687፣ ከተማዋን የከበበው የቬኒስ ጦር የተኮሰው አረር ቱርኮች ባሩድ ያከማቹበትን ይህን ቤት መታው። ጣሪያው ተነሣ፣ የሰሜንና የደቡብ ዐምዶች ተናዱ፣ 300 ያህል ሰው አለቀ። የጦሩ አዛዥ ፍራንቼስኮ ሞሮዚኒ በዚህ አልበቃውም። ከምዕራቡ ግንባር፣ ከጣሪያው ሥር ካለው ባለ ሦስት ማዕዘን ገጽ፣ የፖሰይዶንን ሐውልትና የአቴናን ፈረሶች ምርኮ አድርጎ ሊያወርድ ሲሞክር ከእጁ አምልጠው ተሰባበሩ። ስለዚህ ዛሬ የምዕራቡ ግንባር በሙላት ምን ይመስል እንደ ነበር ማየት የሚፈልግ ሰው አቴንስም ሄዶ፣ ለንደንም ሄዶ አያገኘውም። የሚያገኘው ፓሪስ፣ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ጠመኔው በደበዘዘ ወረቀት ላይ ነው። በደቡቡ ጎን መካከል የነበሩት፣ ሜቶፔ የሚባሉት ባለ አራት ማዕዘን ቅርጾችም እንደዚሁ ከጥቂት ስብርባሪ በቀር ያሉት እዚያው ነው።

ወረቀት ድንጋይን አዳነ ይባላል። አባባሉ ደስ ይላል፤ ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን ወረቀቱ ድንጋዩን አላዳነም። የእብነ በረዱን ክብደት፣ የመሮውን ዱካ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በልብሱ እጥፋት ላይ የምትጥለውን ጥላ ያዳነ ሥዕል የለም። እንዲያውም የሠዓሊው እጅ የ17ኛው መቶ ዘመን የፈረንሳይ እጅ ነው፤ ፊዲያስና ባልደረቦቹ ከድንጋዩ ያወጡትን አጥንትና ጅማት አለስልሶታል። የዳነው ሌላ ነገር ነው፦ ማን ከማን አጠገብ እንደ ቆመ፣ ማን ወደ ማን እንደ ዞረ፣ የትኛው ክንድ በየትኛው ላይ እንዳለፈ። አቴናና ፖሰይዶን ለከተማዋ ሲፎካከሩ አንዱ ከሌላው ወደ ኋላ ይርቃል፤ ወረቀቱ የያዘው የሁለቱን ገላ ሳይሆን በመካከላቸው ያለውን ያንን ክፍተት ነው። ድንጋይ ዝምድናው ሲጠፋበት ስብርባሪ ይሆናል። ዝምድናው ግን ድንጋዩ ጠፍቶበትም ይኸው 350 ዓመት ያህል ኖሯል።

የምሥራቁን ግንባር ሲሥል ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመው። ጳውሳንያስ የተባለው የ2ኛው መቶ ዘመን ተጓዥ በዚያ ግንባር ያለው ቅርጽ የአቴናን ልደት እንደሚያሳይ በአጭሩ ጽፎ አልፏል። ነገር ግን ቤቱ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን የመካከሉ ቅርጽ ፈርሶ ነበር፤ ዋናው ነገር፣ ልደቱ ራሱ፣ የለም። ሠዓሊው ከግራና ከቀኝ ጥግ ያሉትን ምስሎች ሣለና መካከሉን እንዳለ ተወው። በእርሱ ዘመን የነበረ ሠዓሊ የጎደለውን ለመሙላት እጁ እንደሚበላው እናውቃለን። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሊቃውንት ሞልተውታል፤ አንዱ ዜውስን አስቀምጦ፣ ሌላው አስነሥቶ፣ ሦስተኛው አቴናን በግራ፣ አራተኛው በቀኝ እያደረገ ሣለ። በእኔ ግምት ከእነዚያ ሁሉ የዳበሩ ሥዕሎች ይልቅ የዚህ ሰው ባዶ ወረቀት የበለጠ ዕውቀት አለበት።

ሁሉም እንደ እርሱ አልነበረም። ጄምስ ስቱዋርትና ኒኮላስ ሬቬት የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በ1751 አቴንስ ሲደርሱ ሊሠሩት ያሰቡት ሥራ ተሠርቶ የማያውቅ ነበር፦ የከተማዋን ጥንታዊ ሕንፃዎች በእጃቸው እየዳሰሱ፣ እየቆፈሩ፣ መወጣጫ እያቆሙ፣ የኢንችን ክፍልፋይ ሳይቀር መለካት። ዡልየን ዳቪድ ለ ሯ የተባለው ፈረንሳዊ ከእነርሱ ዘግይቶ መጥቶ በ1758 መጽሐፉን ቀድሞ አሳተመ። እነርሱ በ1762 የመጀመሪያውን ቅጽ ሲያወጡ የለ ሯን ስሕተት አንድ በአንድ ዘረዘሩበት። ለ ሯም ወደ ግሪክ የሄድኩት ኢንች ለመቁጠር ብቻ አይደለም የሚል ዐይነት መልስ ሰጠ። ጠባቸው የሁለት አገር ፉክክር ቢመስልም ከሥሩ ጥሩ ጥያቄ ነበረበት፦ ሕንፃን የሚያውቀው የለካው ነው ወይስ ፊቱ ቆሞ የተደመመው?

ልኬት ለሚሉት የሚመሰክር አንድ ነገር ወዲያው ደረሰ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ በኢሊሶስ ወንዝ ዳር አንዲት ትንሽ ኢዮናዊት ቤተ መቅደስ ነበረች። ስቱዋርትና ሬቬት ለክተው፣ ሥለው፣ መጽሐፋቸው ውስጥ አኖሯት። በ1778 የከተማው የቱርክ ገዥ ቅጥር ሊሠራ ድንጋይ ሲያስፈልገው አፈረሳት። ዛሬ ስለ ኢሊሶስ ቤተ መቅደስ የሚጽፍ ሁሉ የሚጽፈው ስለነዚያ ገጾች ነው። በባሴ፣ በአርካድያ ተራራ ላይ፣ የታወቀው የመጀመሪያው፣ በአካንቱስ ቅጠል ያጌጠ የቆሮንቶስ ዐምድ ራስ በ1811 አካባቢ ሲገኝም እንዲሁ ሆነ፤ ሃለር ፎን ሃለርሽታይን የተባለው ጀርመናዊና ባልንጀሮቹ ሣሉት፣ ድንጋዩ ተሰባብሮ ጠፋ፣ ሥዕሉ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ በባንክና በፍርድ ቤት ደጃፍ የቆመው የአካንቱስ ቅጠል ሁሉ ታላቅ ወንድሙ ያለው ወረቀት ላይ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ጎን። ፓርቴኖን ላይ አንድም የተስተካከለ ቀጥ ያለ ረጅም መስመር የለም ማለት ይቻላል። ዐምዶቹ የቆሙበት ወለል 69 ሜትር ተኩል በሚሆነው ርዝመቱ መካከሉ ላይ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ 31 ሜትር ገደማ በሆነው ወርዱ ላይ ደግሞ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ይነፋል። ዐምዶቹ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ፤ አካላቸውም ወገቡ ላይ በስሱ ይወፍራል። ስቱዋርትና ሬቬት ይህን ሁሉ ቀጥ አድርገው ሣሉት። መሣሪያቸው ደካማ ስለ ነበረ አይደለም። መጽሐፍም ሳያነቡ ቀርተው አይደለም፤ ሮማዊው ቪትሩቪየስ የቤተ መቅደስ ወለል መካከሉ ካልነሣ ለዐይን የጎደጎደ ይመስላል ብሎ በግልጽ ጽፎ ነበር፣ ቪትሩቪየስን ሳያነብ አርክቴክት ነኝ የሚል ሰው በዚያ ዘመን አልነበረም። ማስመሪያ ግን የተጠየቀውን እንጂ ያልተጠየቀውን አይመልስም። በ1830ዎቹ ጆን ፔኔቶርን ወለሉ መጉበጡን በዐይኑ አይቶ ተናገረ፤ በ1846 እና 1847 ፍራንሲስ ፔንሮዝ ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ሄደና ለካ፣ በ1851 አሳተመ። ድንጋዩ ለሃያ ሁለት መቶ ዓመት ጎብጦ ኖሯል። ወረቀቱ የጎበጠው ያኔ ነው።

ይህን የስቱዋርት ስሕተት ስመለከተው ግን ሌላ መልክ ያወጣል። የፓርቴኖን አርክቴክቶች ኢክቲኖስና ካሊክራቴስ ወለሉን ያጎበጡት ቀጥ ብሎ እንዲታይ ከሆነ፣ ቀጥ አድርጎ የሣለው ሰው የታለመለትን በትክክል አይቷል ማለት ነው። የሁለት ሺህ ዓመት ዕድሜ ያለው ማታለል ሠለጠነ የተባለውን ዐይን አታለለ። ለአርክቴክቶቹ ከዚህ የሚበልጥ ምስክር ከየት ይመጣል? እንግዲህ ትክክለኛው ሥዕል የቱ ነው፤ ሕንፃው የሆነውን የሚያሳየው የፔንሮዝ ነው ወይስ ሕንፃው ሊመስል የፈለገውን የሚያሳየው የስቱዋርት? ሁለቱም ልክ ናቸው ማለት ይቀላል። እኔ ግን ወደ ፔንሮዝ አደላለሁ፤ የፔንሮዝን ይዞ የስቱዋርትን መረዳት ይቻላል፣ የስቱዋርትን ብቻ ይዞ ግን ወደ ፔንሮዝ የሚያደርስ መንገድ የለም።

እስካሁን የተናገርነው ሌሎች ስለሣሏቸው ሥዕሎች ነው። ግሪኮቹ ራሳቸውስ? ሊሠሩ ሲነሡ ንድፍ ነበራቸው? ለረጅም ጊዜ መልሱ ባዶ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ሕንፃ አንድ የወረቀት ቁራጭ፣ አንድ ሰሌዳ አልተገኘም። ከዚያ በ1979 ሎታር ሃዝልበርገር የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ በዛሬዋ ቱርክ፣ ከሚሌጦስ በስተደቡብ ባለው በዲዲማ የአፖሎን ቤተ መቅደስ፣ ጣሪያ በሌለው የውስጠኛው አደባባይ ግድግዳ ላይ ብርሃኑ አግድም ሲወድቅ የፀጉር ያህል የቀጠኑ ጭረቶች አየ። ጀርመኖች በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ይህን ቤተ መቅደስ ቆፍረው፣ ለክተው፣ ትልልቅ ቅጾች አሳትመውለታል፤ ጭረቶቹን ግን ማንም አላያቸውም ነበር። መስመሮቹ ወደ 200 ካሬ ሜትር የሚሆን ግድግዳ ይሸፍናሉ። ቀጥታ መስመር አለ፣ በኮምፓስ የተሳበ ክብ አለ፣ የዐምድ እግር አለ። የቤቱ የሥራ ንድፍ በቤቱ ገላ ላይ ተሥሎ ተገኘ።

ከሁሉም የሚያስደንቀው የዐምዱ ንድፍ ነው። የዐምዱ አካል 18 ሜትር ያህል ይቆማል፤ ወገቡ ላይ ያለው ውፍረት ግን ቀጥታ ከሚሆንበት መስመር የሚወጣው ከ5 ሳንቲ ሜትር ባነሰ ነው። እንዲህ ያለውን ስስ ጉብታ በሙሉ ልኩ ልሣል ቢሉ አይመችም፣ አሳንሰው ቢሥሉት ጉብታው ከዐይን ይጠፋል። ነዳፊው ምን አደረገ? ወርዱን በእውነተኛ ልኩ ተወው፣ ቁመቱን ብቻ ዐሥራ ስድስት ጊዜ አሳነሰው፤ እያንዳንዱ ጫማ አንድ ጣት ሆነ፣ ዐምዱም አንድ ሜትር ከጥቂት ወደ ሚሆን አጭርና ወፍራም ነገር ተለወጠ። ከዚያ ጎኑን በአንድ የኮምፓስ ቅስት ሳበው። ድንጋይ ጠራቢው መጥቶ፣ የሚሠራው ድንጋይ ስንተኛው ጫማ ላይ እንደሚውል አይቶ፣ በዚያ ጣት ላይ ያለውን ወርድ በኮምፓሱ ለክቶ ይሄዳል። ሒሳብ የለበትም። ንድፉ የትኛውንም ዐምድ አይመስልም፤ ዐይተው «ምን ያለ አስቀያሚ ዐምድ ነው» ይሉታል። ስለ ቁመቱ እየዋሸ ስለ ወርዱ እውነቱን ይናገራል። መምሰል የሚፈልገው የስቱዋርት ሥዕል ጉብታውን አጣው፤ መምሰል ያልፈለገው የዲዲማ ጭረት ያዘው።

ደግሞ እነዚህ መስመሮች እንዲቀሩ አልታሰበም። የግሪክ ግንበኛ ድንጋዩን ሲያስቀምጥ ፊቱን ጨርሶ አያለሰልሰውም፤ ጥቂት ውፍረት ይተውና ሕንፃው ካለቀ በኋላ ከላይ እስከ ታች ይፋቃል። ንድፉ የተጫረው ሊፋቅ በተተወው በዚያ ስስ ገጽ ላይ ነው። ሥራው ሲያልቅ ንድፉ ትቢያ ሆኖ ይረግፋል። የዲዲማ ቤተ መቅደስ ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ ተጀምሮ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠራ ኖሮ ሳያልቅ ቀረ። ንድፉን ያገኘነው ሥራው ስላልሆነላቸው ነው። ባለቀው በፓርቴኖን ላይ እንዲህ ያለ መስመር ነበረ እንኳ ቢባል፣ ማለቁ ራሱ አጥፍቶታል።

የእኛና የእነርሱ ልዩነት እዚህ ላይ ይታየኛል። ለእነርሱ ንድፍ ሕንፃው ሲወለድ ይሞታል፤ ለእኛ ሕንፃው ሲሞት ይወለዳል። የኗንቴል ሠዓሊ፣ ስቱዋርት፣ ሃለር፣ ፔንሮዝ ሁሉ የሚሥሉት ወደ ኋላ ነው፣ ከፍርስራሽ ወደ ሐሳብ። በዲዲማ ግድግዳ ላይ የተንበረከከው ሰው የሚሥለው ወደ ፊት ነበር፤ መስመሩን የሚወደው ድንጋዩ እስኪመጣለት ድረስ ብቻ ነው። በሙዚየም መስታወት ሥር የንድፍ ወረቀት እያየን ስንደመም ያ ሰው ቢያየን፣ ቤቱን ትታችሁ መወጣጫውን ነው እንዴ የምታደንቁት የሚለን ይመስለኛል።

ከመስመርም የሚቀድማቸው ቃል ነበር። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል፤ በፒሬዎስ ወደብ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ347 ገደማ የፊሎን የዕቃ ግምጃ ቤት ሊሠራ ሲታሰብ አቴናውያን ያጸደቁት ሥዕል አልነበረም፣ ጽሑፍ ነው። በእብነ በረድ ላይ ተቀርጾ በ1882 ተገኘ፦ ርዝመቱ 400 ጫማ ይሁን፣ ዐምዶቹ እዚህ ይቁሙ፣ በሮቹ እንዲህ ይሁኑ፣ ጣሪያው በዚህ እንጨት ይሠራ። ሕንፃውን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ86 ሮማዊው ሱላ አቃጠለው። ጽሑፉ ከተገኘ ወዲህ ስንት አርክቴክት ከእርሱ ተነሥቶ ሥዕል ሠራ፣ ሥዕሎቹም እርስ በርሳቸው አልተስማሙም። ጽሑፉ ግን አንድ ነው። የመሠረቱ ቅሪት በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲቆፈር የተገኘው ከጽሑፉ ጋር የሚስማማ ነበር።

በአክሮፖሊስ ላይ ያለው የኤሬክቴዮን የወጪ መዝገብም እንዲህ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ408 ገደማ ከግድግዳው በላይ ለሚዞረው ቅርጽ የተከፈለውን ይቆጥራል፦ ከጥሩሩ አጠገብ ያለው ወጣት 60 ድራክማ፤ ልጅቷ የተጠጋቻት ሴት 80 ድራክማ። ስለ ውበት አንድ ቃል የለም። እኔ በበኩሌ ስለ ግሪክ ቅርጽ ከተጻፉት ብዙ ምሁራዊ ገጾች ይህን ደረቅ ዝርዝር እመርጣለሁ። የቀራፂው ስም፣ የምስሉ ሁኔታ፣ ገንዘቡ። አንዲት ልጅ አንዲት ሴት ላይ ተጠግታ እንደ ነበር የምናውቀው ሒሳብ ሹም ሁለቱን ከሌሎቹ ለመለየት ስለፈለገ ነው።

ያ የኤሬክቴዮን ቅርጽ ነጭ እብነ በረድ ሆኖ ከኤሌውሲስ በመጣ ጠቆር ያለ ድንጋይ ላይ የተለጠፈ ነበር። በመዳብ ተቀርጾ የታተመ ሥዕል ይህን አያውቅም፤ ምስሉም ነጭ፣ ዳራውም ነጭ፣ በመካከል ጥቁር መስመር። የ18ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ግሪክን ያወቀው በዚህ ወረቀት ነው፤ የወረቀቱ ንጣት የግሪክ ንጣት ሆነ። ካትርሜር ደ ካንሲ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ1810ዎቹ፣ ከእርሱ በኋላም አርክቴክቱ ሂቶርፍ፣ ቤቶቹ በቀይና በሰማያዊ የተቀቡ ነበሩ ሲሉ ብዙ ሰው ተቆጣ። ከቀለም ማስረጃው ይልቅ ነጩ ሥዕል ሥር ሰድዶ ነበር። ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ የሚያሳየው ከመቶ ዓመት በኋላ የሆነው ነው፦ በ1937 እና 1938 በብሪቲሽ ሙዚየም የፓርቴኖን ቅርጾች ነጭ ይሆኑ ዘንድ በመዳብ መሣሪያ ተፋቁ። ሥዕል ድንጋይን መምሰል ሲገባው ድንጋዩ ሥዕሉን እንዲመስል ተገደደ።

ቅርጾቹ ለንደን የደረሱበት መንገድም የጀመረው ከሥዕል ነው። ሎርድ ኤልጂን በኦቶማን ዘንድ የእንግሊዝ አምባሳደር ሆኖ ሲሾም መጀመሪያ ያሰበው ማስሣልና በጄሶ ማስቀዳት ነበር። ወጣቱን ሠዓሊ ተርነርን ሊወስደው ተነጋግሮ በውል አልተስማሙም፤ በመጨረሻ ጆቫኒ ባቲስታ ሉሲየሪ የተባለውን ጣሊያናዊ ቀጠረ፣ ነዳፊዎችና ጄሶ ቀጂዎች ተጨምረው በ1800 አቴንስ ገቡ። ከ1801 ጀምሮ መወጣጫው ላይ የወጡት ሰዎች እርሳሱን አስቀምጠው መጋዝ አነሡ። በ1816 ፓርላማው ቅርጾቹን በ35,000 ፓውንድ ገዛ። ለመሣል የተሠራ መወጣጫ ለመንቀልም እንደሚመች ማንም አላሰበም ነበር ማለት ይቸግረኛል፤ በዝርዝር ያወቁትን ነገር የራስ ማድረግ የሰው የቆየ ጠባይ ነው። ሉሲየሪ ግን ዘመኑን ሙሉ በዝግታ ሲሥል ኖሮ በ1821 አቴንስ ሞተ። ከሥዕሎቹ አብዛኞቹ በ1828 ካምብሪያን በተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ሲጓዙ መርከቧ ቀርጤስ አጠገብ ሰጠመች። ተነቅሎ የሄደው ድንጋይ ደረሰ፣ ስለ ድንጋዩ የተሣለው ባሕር ገባ።

ዘመናዊ የልኬት ንድፍ ከዚህ ሁሉ የተማረው አንድ ቀላል ሕግ አለ፦ የተገኘው በሙሉ መስመር፣ የተገመተው በነጠብጣብ። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ለእኔ ግን የኗንቴል ሠዓሊ በባዶ ቦታ የሠራው ሐቀኝነት ወደ ሥርዐት የተለወጠባት ናት፤ መገመትን ሳትከለክል ግምቱ እንደ ማስረጃ እንዳይቆም ታደርጋለች። በአቴንስ ከ1975 ወዲህ በተያዘው የአክሮፖሊስ ጥገና ማኖሊስ ኮሬስ የሠራቸው ንድፎች የዚህ ሥርዐት ከፍተኛ ቦታ ናቸው። ከእርሱ በፊት ኒኮላዎስ ባላኖስ ዐምዶቹን መልሶ ሲያቆም ድንጋዮቹን ከቦታቸው አምታቶ ነበር፣ ያሰራቸው ብረትም ዝጎ እብነ በረዱን ሰነጠቀ። ወለሉ ስለ ጎበጠና ዐምዶቹ ስላዘነበሉ ግን እያንዳንዱ ድንጋይ ከጎረቤቱ በሚሊ ሜትሮች ይለያል፤ በጥንቃቄ ከተለካና ከተነደፈ የሚገባበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። ስቱዋርት ያላያት ጉብታ ዛሬ የድንጋዩ መታወቂያ ሆናለች።

እኛም ዘንድ ነጠብጣቡ የተረሳበት ጊዜ አለ። በ1906 አክሱም የመጣው የጀርመን ጓድ አርክቴክት ዳንኤል ክሬንከር ከዚያ በፊት በሊባኖስ ባልቤክ የሮማውያንን ቤተ መቅደሶች ሲለካ የቆየ ሰው ነበር። የታዕካ ማርያምን ቤተ መንግሥት መሠረት ለካ፤ ከመሠረቱ በላይ ያለውን ፎቅና ማማ ግን በግምት ሣለ። ፍርስራሹ በጣሊያን ዘመን መንገድ ሲሠራ በአብዛኛው ጠፋ። ዛሬ በየመጽሐፉ ደጋግሞ የሚወጣው ማማ ያለው ሥዕል ነው፤ የተለካውን መሠረት የሚያወጣው ጥቂት ነው።

ከዚህም በጣም የሚቀድም፣ ከርእሳችን ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ሌላ ታሪክ አለን። በ6ኛው መቶ ዘመን፣ በ520ዎቹ ገደማ፣ ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ በዛሬዋ ኤርትራ ባለችው በአዱሊስ ወደብ ነበር። ወደ አክሱም በሚያወጣው በር አጠገብ ከአንድ ነጭ እብነ በረድ የተጠረበ ዙፋን ቆሟል፤ በአራት ቀጫጭን ዐምዶችና መካከል ላይ ባለ አንድ ወፍራም ዐምድ የተደገፈ፣ በጀርባው ሄራክሌስና ሄርሜስ የተቀረጹበት፣ በግሪክኛ የተጻፈበት። ከኋላው ደግሞ ግሪክኛ የተጻፈበት ጥቁር ድንጋይ ወድቋል። የአክሱሙ ንጉሥ ካሌብ ወደ ደቡብ ዓረቢያው መንግሥት ወደ ሒምያር ሊዘምት ሲሰናዳ የአዱሊሱን ገዥ ያን ጽሑፍ አስገልብጠህ ላክልኝ አለው። ገዥው ኮስማስንና ሜናስ የተባለ ሌላ ነጋዴን አዘዘ። ሁለቱ እየገለበጡ ሳለ በቅርጹ ላይ ተከራከሩ። ሜናስ ሄራክሌስ የኀይል፣ ሄርሜስ የሀብት ምልክት ነው አለ፤ ኮስማስ የሐዋርያት ሥራን አስታውሶ ሄርሜስስ የንግግር ምልክት ነው አለ። ድንጋዩ ፊታቸው ቆሞ ነው የሚከራከሩት።

ኮስማስ ከዚህ የከፋ ስሕተትም ሠራ። በጥቁሩ ድንጋይ ላይ ያለው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን የነገሠው የሦስተኛው በጥሊሞስ ጽሑፍ ነው፤ በዙፋኑ ላይ ያለው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የመጣ፣ ስሙ የጠፋ የአክሱም ንጉሥ ጽሑፍ ነው። ኮስማስ ሁለቱን አንድ አድርጎ ቀጠላቸው። ከዚያ ወዲያ በጥሊሞስ በበረዷማው በስሜን ተራራ ላይ ዘምቶ ሕዝቡን አስገበረ ተብሎ ከ1,200 ዓመት በላይ ተነበበ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሄንሪ ሶልት ሁለቱን ለየ። የለየውም ከዚያው ከኮስማስ ግልባጭ ነው፦ የመጀመሪያው ጽሑፍ ስለ በጥሊሞስ «እርሱ» እያለ ሲናገር፣ ሁለተኛው «እኔ» እያለ ይናገራል። ኮስማስ የተረዳውን እንዲስማማ ብሎ አንዲት ተውላጠ ስም አስተካክሎ ቢሆን ኖሮ የስሜኑ ዘመቻ እስከ ዛሬ የአንድ የግብፅ ንጉሥ በሆነ ነበር። ትርጓሜው ስቷል፣ እጁ አልሳተም።

ዙፋኑም ጥቁሩም ድንጋይ ዛሬ የሉም፤ ምስላቸው የኮስማስ መጽሐፍ በተገለበጠባቸው ብራናዎች ላይ ብቻ ይታያል፣ ከእነርሱም ቀዳሚው የቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የ9ኛው መቶ ዘመን ብራና ነው። ኮስማስ ራሱ እንደ ነገረን ከግልባጩ አንዱን ለገዥው ሰጥቶ አንዱን ለራሱ አስቀርቷል። ለካሌብ የተላከው አልተረፈም፤ የምናነበው ነጋዴው ለራሱ ያስቀረውን ነው።